ለሌለ ዩኒቨርሲቲ የተገዘተ መሬት

ለንስሐ አባቴ ለቄስ ምናሴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። ፊታቸው ሲጨማደድ ለማየት ብዬ ያልሠራሁትን ኃጢአት ሳይቀር ጨምሬ ተናዝዣለሁ። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን አህያ በምቀኝነት ረገምኳት፣ አህያዋ ግን በማግስቱ መንታ ወለደች ብያቸው፣ እርግማን ይሁን ምርቃት ግራ ቢገባቸው ለማንኛውም ስገድ ብለውኛል። ይህን ጉዳይ ግን ለእሳቸው አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም፤ ለሚስት ሳይነገር ዓመታት የቆየ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያገባ ሰው ያውቀዋል። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው ነው። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል።

ይርጋ እባላለሁ፤ የደባርቅ አስጎብኚ ነኝ። የዓለምን ሕዝብ ግማሹን ተራራ አስወጥቻለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ጉልበቱ ሲከዳው በበቅሎ ጭኜ አውርጃለሁ። ሥራዬ ማስረዳት ነው፤ ማስረዳት ሲደጋገም ማጋነን ይሆናል፤ ማጋነን ሲለመድ ምን እንደሚሆን አሁን ትሰማላችሁ።

በኋላ በቀልድ እንዳላድበሰብሰው ጥፋቴን አስቀድሜ ቅልብጭ አድርጌ ልናገር። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ አገራችን ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው ብዬ ዋሸሁ። እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ማንም አላሳሳተኝም። በዚያ ውሸት አንድ ገበሬ ማሳውን ሳያርስ ኖረ፤ አንዲት ልጅም ከትምህርቷ ልትቀር አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት።

ነገሩ የጀመረው ማዳምን ይዤ በወጣሁ ጊዜ ነው። ማዳም የራሷ ስም ነበራት፤ ስሙን ለመጥራት ግን አፍ ውስጥ ጠጠር መያዝ ስለሚያስፈልግ አገሩ ሁሉ ማዳም ይላት ነበር። በአገሯ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት። የመጣችው ጭላዳ ለማጥናት ነው፤ ያንን ደረቱ ላይ ቀይ ያለበትን፣ እንደ አንበሳ ጎፈሬ ያለውን፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ የሚውለውን ዝንጀሮ። ማዳምም አብራ ተቀምጣ ትውላለች። ትንሽ ከቆየች በኋላ ጭላዳዎቹ ዘመድ መስላቸው፣ ስታረፍድ በየት ቀረች ብለው ይጨነቁ እንደ ነበር ብምል አትመኑኝ፤ ግን ብዙ አልራቅሁም።

አንድ ቀን ከደባርቅ ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአያ ጥጋቡ የገብስ ማሳ አጠገብ ተቀምጣ ስትጽፍ አያ ጥጋቡ ወደ እኔ መጡ። አያ ጥጋቡ ቃላቸው አንድ የሆነ ገበሬ ናቸው። ከእሳቸው አፍ «እስቲ እናያለን» የሚል ቃል ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ ወይ እሺ ነው፣ ወይ እምቢ።

«ይርጋ፣ ይህች ሴት ምንድን ናት?» አሉኝ።

«የዩኒቨርሲቲ ሰው ናት።»

እውነት ነው። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት? ዝንብ እንኳ በማይገባበት ብርድ አፌን ከፍቼ ምን እጠብቅ ነበር?

«የዩኒቨርሲቲ ሰው ከኔ ማሳ ዳር ምን ትሠራለች?»

ጭላዳ ስታይ ትውላለች ብላቸው የቀለድኩባቸው ነበር የሚመስላቸው። ከባሕር ማዶ የተማረ ሰው መጥቶ ሰብል አጥፊ ዝንጀሮ ሲያደንቅ ይውላል ብሎ ማን ያምናል? እውነቱ ቀልድ መሰለኝና ቀልዱን እንደ እውነት አወራሁት።

«ቅርንጫፍ ልትከፍት ነዋ!»

«የምን ቅርንጫፍ?»

«የዩኒቨርሲቲ። አገሯ ያለው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተማሪው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነው አሉ የሚማረው። ስለዚህ በየአገሩ ቅርንጫፍ እየከፈቱ ነው። ለኛም አገር ቦታ እየመረጠች ነው።»

እስኪስቁ ጠበቅሁ። አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ማሳቸውን፣ ልክ ያን ቀን እንዳገኙት ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ሜዳው ያንሳት ይሆን?» አሉኝ።

ያን ጊዜ «ኧረ አያ ጥጋቡ፣ ስቀልድ ነው!» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ፎቅ ስለሆነ አያንስም» አልኩ።

በሳምንቱ ወሬው ዳባት ገበያ ደርሶ ተመልሶ ወደ እኔው መጣ፤ ሲመለስ ወፍሮ ነበር። ሰው ማዳምን ራሷን ለምን አልጠየቀም ትሉ ይሆናል። በኛ አገር እንግዳን ለምን መጣህ፣ መቼ ትጨርሳለህ ብሎ መጠየቅ ሂድልን እንደ ማለት ነው፤ ነውር ነው። ስለዚህ ማዳምን ማንም ምንም አይጠይቃትም፤ እንቁላል ይሰጧታል፣ እጅ ይነሷታል፣ ጥያቄውን ለእኔ ያመጡታል። የውሸቱ ባለቤትም በረኛም እኔው ሆንኩ። ጨርቅ ነጋዴው ሰዒድ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ለሙስሊም ተማሪ የተለየ ምግብ ቤት አለው?» ሲለኝ «ከነመስጊዱ!» አልኩት። ሌላው ስለ ሕክምና ሲጠይቀኝ ሆስፒታል ጨመርኩ። ዩኒቨርሲቲዬ በአንድ ወር ውስጥ ራስ ደጀንን አክሎ አረፈው። በየሄድኩበት ጠላ ይቀዳልኛል፤ ወንበር ይለቀቅልኛል። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ይህን ካልተናገርኩ ምኑን ተናዘዝኩት?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አያ ጥጋቡ ሰርክዓለም የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ሰርኬ ነው የምንላት። ያን ዓመት ፈተናውን አልፋ ሩቅ ደቡብ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። አባቷ «ብትታመም ውኃ የሚያቀብላት በሌለበት አገር ልጄን አልጥልም» ብለው እምቢ ሲሉ፣ እሷና እናቷ ክረምቱን ሙሉ ለምነው፣ አልቅሰው፣ ሽማግሌ ልከው በስንት መከራ እሺ አስብለዋቸው ነበር። የኔ ወሬ ያንን እሺታ በአንድ ቀን ናደው። «ዩኒቨርሲቲው ከደጄ ሊመጣ ልጄ ምን ሆና ትሰደዳለች?» አሉ።

ሰርኬ ደባርቅ ድረስ በእግሯ ወርዳ መጣች። በቅሎ እየጫንኩ ነበር።

«ጋሼ ይርጋ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። «ነገ መኪና አለ። እናቴ ስንቄን ደብቃ አዘጋጅታልኛለች፤ አንተ ውሸት ነው ካልከኝ አባቴን እንደገና እለምናለሁ። ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

እንግዲህ ስሙኝ። ልጅቱ እንደ ሌላው ሰው ወሬ ለመስማት አልመጣችም። ዓይኔን እያየች፣ በቀጥታ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ከአጠገባችን ሁለት በቅሎ ነጂዎች ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ። ለእሷ ውሸት ነው ብላት እነሱ ይሰማሉ፤ እነሱ ከሰሙ ማታ አገሩ ሁሉ ይሰማል፤ ያ ሁሉ ወንበርና ያ ሁሉ ጠላ ይቀራል። ለእነዚያ ለሁለት በቅሎ ነጂዎች ፊት ስል ነው የዋሸሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ምን ያስቸኩልሻል?» አልኳት። «የአንቺ ትምህርት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ በእናትሽ ጓሮ በኩል ነው የሚከፈት!»

በቅሎ ነጂዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ መኪናው ሄደ፤ ሰርኬ ቀረች።

እኔም ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ይረሳል ብዬ ጠበቅሁ። በኛ አገር ግን ለጉዳይ መሬት ከተሰጠ ዝም ብሎ አይሰጥም። አያ ጥጋቡ ማሳቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠሁ አሉ። ሰው በደቦ ወጥቶ ድንጋዩን ለቀመ፣ ጉብታውን አስተካከለ፣ እየዘፈነ ሜዳ አደረገው። ከዚያም ነገ ከነገ ወዲያ ወራሽ እንዳይጨቃጨቅበት መሬቱ ይገዘት ተባለ። ግዝት ለማታውቁ፣ ቄስ በቃሉ አንድን ነገር ካሰረ ያንን ማሰሪያ አጥር የለውም ብሎ የሚዘል ሰው የለም ማለት ነው።

በቀኑ ማዳምም መገኘት አለባት ተባለ። ምን ብዬ ላምጣት? «የመንደሩ ሰው ይህን ሜዳ ለጭላዳዎቹ ግጦሽ ብሎ ትቶላቸዋል፤ አንቺንም ሊያመሰግን ይፈልጋል» አልኳት። ማዳም እዚያው አለቀሰች። ለአንድ ሜዳ ሁለት ውሸት፤ አንዱ ለባለ መሬቱ፣ አንዱ ለእንግዳዋ።

አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጣ። ቄስ ምናሴ መስቀላቸውን ይዘው «ይህ መሬት ለትምህርት ተሰጥቷልና ያረሰው፣ የዘራው፣ ከብት ያሰማራበት የተወገዘ ይሁን!» አሉ። ሕዝቡ «ይሁን!» አለ። እኔ የማዳምን ጃንጥላ ተደገፍኩ።

ከዚያ ማዳም ትናገር ተባለ። አስተርጓሚው ማን ነው? እኔው።

«እንዲህ ያለ ደግነት በዓለም ላይ አይቼ አላውቅም» አለች።

«እንዲህ ያለ ግቢ በዓለም ላይ አይቼ አላውቅም ትላለች!» አልኩ። እልልታ።

«ልጆቻቸው እዚህ ሳይፈሩ ሣሩን ይበላሉ» አለች።

«ልጆቻችሁ እዚህ ሳይከፍሉ እውቀትን ይመገባሉ!» አልኩ። ከበሮው ተመታ።

ዘወር ስል ከሴቶቹ መካከል ሰርኬን አየኋት። እንግሊዝኛ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ሁለቱንም ሰምታለች፤ የማዳምንም፣ የኔንም። ዓይናችን ተገጣጠመ። አሁን ትጮኻለች፣ አሁን ያወርዱኛል፣ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይሰዱኛል፣ ከገደሉ ሥር ዛሪማ ስደርስ የሸሚዜ ቁልፍ ብቻ ይገኛል ብዬ አሰብኩ።

አልጮኸችም። ወደ ፊት ወጣችና «ጋሼ ይርጋ ደክሞታል፤ የቀረውን እኔ ልተርጉም» አለች። የአባቷ ደረት ተነፋ።

ከዚያ ወደ ማዳም ዞረችና በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። «አንቺ ዛሬ ያለሽበት ለመድረስ መጀመሪያ ምን አደረግሽ?»

ማዳም አሰብ አድርጋ መለሰች። ሰርኬም ለሕዝቡ ተረጎመች። «ማዳም እንዲህ ትላለች። እኔ የተወለድኩት በትንሽ መንደር ነው። ለመማር በዚህች ልጅ ዕድሜ ከቤት ወጥቼ ሩቅ ሄድኩ። አባቴ ሲሸኘኝ አልቅሷል፤ ግን ሸኘኝ። ባይሸኘኝ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።»

አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ አንዲት ቃል አልቀነሰችም። እኔ ምስክር ነኝ፤ ያን ቀን በዚያ ሜዳ ላይ እውነት የተናገረ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ቄስ ምናሴ «ጥጋቡ፣ ሰማህ?» አሉ። አያ ጥጋቡ ማዳምን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ቃላቸው አንድ ነው ብያችኋለሁ።

«ትሂድ» አሉ።

በማግስቱ ራሳቸው ይዘዋት ተሳፈሩ። ምዝገባው አልፎ ስለነበር የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀምጠው እስክትገባ አልነሣም ብለው አስገቧት አሉ። ልትሳፈር ስትል አጠገቤ ቆም ብላ ያለችኝ ነገር ቢኖር «ጋሼ፣ ጠይቄህ ነበር እኮ» ነው። በቁጣ አይደለም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ማዳም ሥራዋን ጨርሳ አገሯ ገባች። አንድ የኢትዮጵያ መንደር ማሳውን ለዝንጀሮ ሰጠ ብላ ጽፋ ከሆነ እሱም በኔ ላይ ይቆጠር። ማሳው ግን ተገዝቶ ቀረ። ጭላዳው ግዝት አያውቅምና ወርዶ ይነጨዋል፤ አያ ጥጋቡ «ውጣ ከዩኒቨርሲቲው!» እያሉ በወንጭፍ ያባርሩታል። ከዓመታት በኋላ መንግሥት እኛው አገር ዩኒቨርሲቲ ሲከፍት አምላክ አሰበኝ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። «አያ ጥጋቡ፣ ይኸው መጣ! እንግዲህ መሬትዎን ማረስ ይችላሉ!» አልኳቸው።

«ይሄማ የመንግሥት ነው» አሉኝ ረጋ ብለው። «የኛ የውጪው ነው። እሱ ገና ነው።»

ሰርኬ ተመርቃ፣ አስተምራ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሌዥያ ሄደች። ከዚያ ደወለችልኝ። እየሳቀች መናገር አቅቷታል። «ጋሼ፣ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ እኮ ቅርንጫፍ ነው! ዋናው እንግሊዝ አገር ነው ያለው። እዚህም እንዳንተ ያለ ቀልደኛ ነበረ ማለት ነው፤ የዚህኛው ግን ተሳካለት!»

አብሬያት ሳቅሁ፤ ሆዴ እስኪያመኝ። ስልኩን ስዘጋው ግን ሳቁ አበቃ። ወሬው አባቷ ዘንድ ደርሷላ! «ማሌዥያ የደረሰ ደባርቅ አይቀርም» ብለው የሜዳውን ዳር በድንጋይ ከበቡት። ዘንድሮ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ሙላት ሊያገባ ነው። የሙሽሪት ወገኖች «የሙሽራው መሬት የታለ?» ብለው ጠየቁ። ለሙላት የሚተርፈው ይኸው የተገዘተው ነው። አያ ጥጋቡ «የዩኒቨርሲቲ መሬት ለጎጆ አልሰጥም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። ሙላት ፊቱ ጠቁሮ ከተማ ውስጥ ሲዞር አየሁት።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ጽፌ ሳነበው ራሴን ታዘብኩ። ለማላውቀው አንባቢ ተናዝዤ አንድ ጉብታ ማዶ ላለው ባለ መሬት ዝም ልል ነው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣሁ። አያ ጥጋቡ ሜዳው ዳር ተቀምጠው ነበር። ቀልድ ሳልጨምርበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ነገር አውርቼ አላውቅም።

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ማዳሟስ ታዲያ ለምን መጣች?»

«ለጭላዳ።»

«ለጭላዳ?» ዘወር ብለው አዩአቸው፤ መንጋው ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ይነጫል። «ለነዚህ?»

«ለነዚያ፣ አያ ጥጋቡ።»

«እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በወንጭፍ የማባርረው ታዲያ… ተማሪውን ነው?» ብለው መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ደረታቸውን ይዞ አላስነሣ አላቸው። ደገፍኳቸው። ከዚያ ሳቃቸውን ድንገት ገቱና «ሰርኬስ? ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ሜዳው ላይ ነው ያወቀች። እኔ ስተረጉም ሰምታ።»

«ሰምታ ነው ማዳሟን እንዲያ ብላ የጠየቀቻት?»

«አዎ።»

«ውሸት ሳትናገር?»

«አንዲት ቃል እንኳ።»

«የኔ ልጅ!» ብለው በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «አንተን አፍህን አስይዛ፣ እኔን በቄስ ፊት እሺ አስብላ! የኔ ልጅ!» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን ብርሃን ነበር ፊታቸው።

ከዚያ ሄጄ የተናዘዝኩላቸው ቄስ ምናሴ ግን አልሳቁም። «አንተ ጦጣ!» አሉኝ። «በኔ አፍ ውሸትህን አስባረክኸው!» እግራቸው ላይ ወድቄ ነበር፤ መስቀላቸውን ለመሳለም ቀና ስል ሁለት ጊዜ ነፈጉኝ። በኋላ ግዝቱን ፈቱ። መሬቱ ለትምህርት ተሰጥቶ ሰርኬ ተምራበታለችና ቃሉ ተፈጽሟል አሉ። ለእኔ የሰጡኝ ቅጣት ከስግደቱ ሌላ ያን ማሳ በገዛ እጄ አርሼ ማስረከብ ነበር።

እኔ እርፍ ጨብጬ አላውቅም። አገሩ ሁሉ ሊያየኝ ወጣ፤ ከዳባት ድረስ የመጣ አለ። ሰዒድ ሱቁን ዘግቶ ወንበር ይዞ መጣ። በሬዎቹ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና ተስፋ ቆርጠው ወደ ፈለጉበት ሄዱ። ትልሜ እንደ ሊማሊሞ መንገድ ተጠማዘዘ። በየመታጠፊያው ሴቶቹ እልል ይላሉ። አያ ጥጋቡ ከኋላዬ «ይርጋ፣ ወዴት ነው? አዲ አርቃይ ልትገባ ነው?» ይላሉ። ሙላት ገብሱን እየበተነ በሳቅ ይንከባለላል፤ የሙሽሪት ወገኖችም መጥተው ነበርና እየሳቁ ቀን ቆረጡ። ጥር ላይ ሰርግ ነው። ስንት ዓመት ሰው አስቄያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ሳቅ ግን አላየሁም። መዳፌ ተልጦ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ከሰው ሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ።

ማታ በሬዎቹን ስንፈታ አያ ጥጋቡ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«የመሬቱን ይቅር ብየሃለሁ» አሉኝ። «መኪናው ጥሏት የሄደ ቀን ቤት ገብታ ያለቀሰችውን ልቅሶ ግን የሰማሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር የምትለው እሷ ናት።»

ልቅሶውን አላውቅም ነበር። ነገሩ ሁሉ በመልካም አለቀ፣ ልጅቱም ተማረች፣ እንዲያውም ውሸቴ ነው ያስተማራት እያልኩ ለራሴ ሳወራ ነው የኖርኩት። ሐሰት ነው። እሷን ያስተማራት የራሷ ጭንቅላት ነው። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር እውነቱን ብላ በእግሯ የመጣችን ልጅ በሁለት በቅሎ ነጂ ፊት መሳቂያ ማድረግ ነው። በጎ ሆኖ ማለቁ ለእኔ ምስክር ሊሆነኝ አይችልም፤ ያን ቀን እንዲህ እንደሚያልቅ አላውቅማ። ብትቀርስ ኖሮ? ዛሬ ይህን በሳቅ እጽፈው ነበር?

ለሰርጉ ትመጣለች። እስከዚያ ድረስ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ስቃችሁ ከሆነ ሳቁ፣ እኔም እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት፤ ግን ስለ ሳቃችሁ ብላችሁ ይቅር አትበሉኝ። እሷ ፊት ቆሜ «ዋሽቼሻለሁ፣ ምክንያት የለኝም» እላታለሁ፤ ሌላ ቃል አልጨምርበትም። ከዚያ በኋላ የምትለውን ትበል።